የበለጥሻቸው ጭብጨባ

ጋሼ አስማማው ከአልጋቸው ሥር ሁለት የጫማ ካርቶኖች ጎትተው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧቸው። በቀኝ እጃቸው ነበር የጀመሩት፤ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ በግራው ደገፉት። ላግዝዎት ብዬ ብነሳ፣ "ተቀመጪ፣ እንግዳ ነሽ" አሉኝ።

በካርቶኖቹ ውስጥ ፍሎፒ ዲስኮች ተደርድረዋል። በአንደኛው ሰማያዊ፣ በሌላኛው ጥቁር።

"ታውቂያቸዋለሽ?"

"ሥዕላቸውን አውቃለሁ። ኮምፒውተር ላይ ሴቭ የሚደረግበት ምልክት።"

ሳቁ። "የሥዕሉ ባለቤት እንግዲህ ይኸውልሽ።"

ጋሼ አስማማው ሜልበርን ውስጥ፣ ካርልተን ሰፈር ከሚገኙት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ዘጠነኛው ወለል ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ሕንፃው ሊፈርስ ስለሆነ ነዋሪዎቹ በየተራ እየለቀቁ ነው። ለእሳቸው ራቅ ያለ ቦታ ባለ አንድ መኝታ ዩኒት ደርሷቸዋል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን አግኝታቸው፣ "ልጄ ኮምፒውተር ተምራለች፣ መጥታ ታይልዎታለች" ብላ ቃል ከገባችላቸው በኋላ ነው ለእኔ የነገረችኝ። ሰው ቤት ሄዶ መጫወት እንደሚያስጨንቀኝ ታውቃለች። "የፈለጉሽ ለኮምፒውተር እንጂ ለወሬ አይደለም" አለችኝ።

ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ኪቦርድ ይጫወቱ ነበር። በሱዳን አድርገው ሜልበርን ከገቡ በኋላ ደግሞ የአበሻ ሰርግ በተባለበት አዳራሽ ሁሉ የሚያጫውቱት እሳቸው ነበሩ። ባንድ አልነበራቸውም። ባንዳቸው ኮምፒውተር ነው። ቤዙን፣ ከበሮውን፣ ጭብጨባውን እቤታቸው ሆነው ያስገቡበታል፤ ሰርጉ ላይ ኮምፒውተሩ ያንን ሲያጫውት እሳቸው ከላይ ዜማውን ይጫወታሉ። እንዲህ አድርገው ያዘጋጇቸው ዘፈኖች ሠላሳ ስምንት ናቸው። ኮምፒውተሩ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ ሦስት ዓመት።

"ሁለት ሳጥን የሆነው ለምንድን ነው?" አልኳቸው።

"የመጀመሪያው ፕሮግራም ጅል ስለነበረ" አሉ ወደ ሰማያዊዎቹ እያሳዩኝ። "እዚህ ፊትዝሮይ አንድ የሙዚቃ ክፍል ነበር። ኮምፒውተሩ የእነሱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይፈቅዱልኛል። በማውዝ ነው የሚሠራው። አንዷን ኖታ እዚህ፣ አንዷን እዚያ፤ ጥልፍ በይው። ሁሉም ልክ ነው። ልክ፣ ልክ፣ ልክ። ሰው ይጨፍርበታል፤ የሚያብድበት ግን የለም። ቆይቼ የራሴን ሰከንድ ሃንድ ኮምፒውተር፣ አታሪ የሚባለውን፣ ገዛሁና ሌላ ፕሮግራም አገኘሁ። ይኼኛው እንደተጫወትሽው ነው የሚይዝልሽ። ከዘገየሽ እንደዘገየሽ፣ ከፈጠንሽ እንደፈጠንሽ። ሠላሳ ስምንቱንም እንደገና ተጫወትኳቸው። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ፕሮግራም መቀየር ቤት ከመቀየር ይከፋል፣ ልጄ። ይኸው ሁለቱንም አየኋቸው።"

ጥቁሮቹን ዲስኮች በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጓቸው።

"እነዚህ ላይ ያለው ጭብጨባ የበለጥሻቸው ነው።"

እትዬ በለጥሻቸው ባለቤታቸው ናቸው። ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። ኪቦርዱ ላይ አንዲት ቁልፍ ነበረች፤ ሲነኳት እንደ ጭብጨባ ትጮኻለች። ጋሼ ሌላውን ሁሉ ራሳቸው ይጫወቱና ያቺን ቁልፍ ለሚስታቸው ይተዉላቸዋል።

"ለምን እርስዎ ራስዎ አላደረጉትም?"

"እኔ ሙዚቀኛ ነኛ! ሳጨበጭብ ልክ ይሆንብኛል። ሰርግ ላይ ልክ የሚያጨበጭብ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ዕቃ ስታጥብ እጠራታለሁ፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትመጣለች። 'ስንት ደቂቃ ነው?' ትላለች። 'አራት' እላታለሁ። 'አራት ደቂቃ ሙሉ በአንድ ጣት! ደህና ሰው ያገባሁ መስሎኝ' ትለኛለች። ትሰድበኛለች እንጂ አንድም ቀን አቋርጣ አታውቅም።"

"ድምፃቸው የተቀዳበት ሌላ ነገር የለም?"

"የበለጥሻቸው? ቴፕ ሲከፈት አፏን የምትዘጋ ሴት እኮ ናት። የሰርግ ቪዲዮዎቹ ላይ እንኳ የሚሰማው መቶ ሰው ሲያጨበጭብ ነው። የሷ የቱ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ለብቻዋ ያለችው እዚህ ላይ ብቻ ነው።"

ሰማያዊዎቹን ምን ላድርጋቸው ስላቸው ትንሽ አሰቡ። ከጥቁሮቹ ውስጥ እምቢ ያለ ዘፈን ቢኖር በሰማያዊው አሟዪው አሉኝ። ከተነበበ ግን የሚፈልጉት ጥቁሩን ነው። ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። እኔም ሁለቴ እሺ አልኳቸው። ካርቶኖቹን በሁለት ፌስታል አድርጌ በትራምና በባቡር ወደ ቤቴ፣ ዌስት ፉትስክሬይ፣ ይዣቸው ሄድኩ።

ፍሎፒ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ በኢንተርኔት ገዝቼ ነበር። ሥራውን እሑድ ጠዋት ጀመርኩ። ሰማያዊዎቹን አስቀደምኩ። ዲስኩ ሲገባ መሣሪያው ይጮኻል፣ ያቃስታል፣ ይቆማል፤ አንዳንዱን ሦስት አራት ጊዜ አውጥቼ ማስገባት ነበረብኝ። ዘፈኖቹ ስም የላቸውም፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ጥቁሮቹም ላይ ቁጥሮቹ ያው ናቸው። ከጥቁሮቹ ደግሞ አንዳንዱ ዘፈን ሁለትና ሦስት ጊዜ ተቀድቷል፤ ጋሼ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ስለዚህ ኮምፒውተሬን አንድ ትእዛዝ ሰጠሁት፦ ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነ ሲገጥምህ ቀኑን አይተህ አዲሱን ያዝ፣ አሮጌውን ተው። ጥቁሩ በሰማያዊው ቦታ ይተካል፤ ጥቁሩ ካልተነበበ ሰማያዊው ይቆያል። ሥርዓት ያለው መስሎ ታየኝ።

ጥቁሮቹ ቀለሉኝ። መሣሪያው ሳያቃስት አንድ ጊዜ ድምፅ ያሰማና ያበቃል። ዲስክ ሳስገባና ሳወጣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። እግዚአብሔር ረዳቸው አልኩ። በተለጠፈባቸው ወረቀት ላይ በጋሼ እጅ "የካቲት 85"፣ "ሚያዝያ 86" የሚል ተጽፎባቸዋል። የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ሳላስብ ነው ያወቅኩት።

ሲያልቅ ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ ስምንት። ሦስቱን ላፕቶፔ ላይ ባለ አዲስ የሙዚቃ ፕሮግራም ከፈትኩ። ድምፅ ገና ስላልመረጥኩላቸው ሁሉም ነገር በፒያኖ ነበር የሚሰማው፤ ከበሮውም ጭምር። ኖታዎቹ በየመስመራቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ምን ያህል ጎበዝ ቢሆኑ ነው አልኩ። የጭብጨባውን መስመር ለይቼ አልከፈትኩትም። የሰው ጓዳ ገብቶ ማየት መሰለኝ።

ዲስኮቹን በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ መለስኩላቸውና በስልክ መልእክት ጻፍኩላቸው፦ "ጋሼ፣ ሁሉም ገብቷል። ዲስኮቹን ከእንግዲህ መጣል ይችላሉ።"

መጣል ይችላሉ ያልኩት ዕቃ እየቀነሱ ስለነበር ነው። ሸክም ላቅልላቸው ብዬ ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ላፕቶፔንና አንድ ድምፅ ማጉያ ይዤ ሄድኩ። ድምፆቹን መርጬ ጨርሻለሁ፤ ቤዙ ቤዝ፣ ከበሮው ከበሮ፣ ጭብጨባውም ጭብጨባ ሆኗል። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው ጠበቁኝ። አገጫቸው ላይ ምላጭ የቆረጣቸው ቦታ ነበር። ለእኔ ሻይ ከቀዱ በኋላ ወንበራቸውን ከጎኔ አድርገው መነጽራቸውን አጠለቁ።

"ይኼ ምንድን ነው፣ ዘጠና የሚለው?"

ዝርዝሩን ነበር የሚያሳዩኝ። ከየቁጥሩ ፊት ለፊት ቀን አለ።

"የተሠሩበት ዓመት ነው።"

"በዘጠና ምን ሠራሁ? በዘጠና ሰርግ ማጫወት አቁሜያለሁ። ፋብሪካ ነበርኩ።"

"በፈረንጅ ነው፣ ጋሼ።"

"የምን ፈረንጅ!" ሳቃቸው መጣ። "የእኔ አታሪ የፈረንጅ ቀን አያውቅም። ሲጠፋ ቀኑ ይጠፋበት ነበር፤ በከፈትኩት ቁጥር እኔ ነኝ የምነግረው። ዛሬ የካቲት አሥራ ሁለት ነው፣ ሰማንያ አምስት ነው፣ ጻፍ እለዋለሁ፤ ይጽፋል። እምቢ የሚለኝ ጳጉሜን ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ብለው ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ጳጉሜ በመጣ ቁጥር በለጥሻቸው ደስ ይላታል፤ 'ጣቴ እረፍት ወጣ' ትላለች።"

እሳቸው እየሳቁ ነበር። እኔ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። 1990። 1991። 1990። 1991። አንድም ሰማንያ አምስት የለም። ሰማንያ ስድስትም የለም። የሙዚቃ ክፍሉ ኮምፒውተር በፈረንጅ ዘጠና ብሏል፤ የጋሼ ኮምፒውተር ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በእኛ፣ ሰማንያ አምስት ብሏል። የእኔ ኮምፒውተር ቁጥሩን አየና ሰማንያ አምስት አሮጌ ነው አለ። አዲሱን ያዝ፣ አሮጌውን ተው ብዬዋለሁ፤ ታዘዘ። ጥቁሮቹ የቀለሉኝ ቀናቸውን ብቻ አይቶ ስለተዋቸው ነው። ሰባት ወይም ስምንት መደመር ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሒሳብ ነው። የእናቴን የልደት ቀን በየቅጹ ላይ የምሞላላት እኔ ነኝ።

"ጋሼ፣ ዲስኮቹ የት አሉ?"

"መጣል ይችላሉ አላልሽኝም?"

"መቼ ጣሏቸው?"

"ማክሰኞ። ዕቃ የሚያነሱት ልጆች መጥተው ከአሮጌው ፍራሽ ጋር ወሰዷቸው። ለምን?"

መናገር ነበረብኝ፤ ዝርዝሩን እንደገና ከላይ ጀምሬ አየሁት። እሳቸው ዝምታዬን እንደ ወትሮዬ ቆጠሩት መሰለኝ፣ "በይ እስቲ አሰሚኝ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቁጥር አንድን ከፈትኩት። ቤዙ ገባ፣ ከበሮው ገባ፣ ጭብጨባው ገባ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ። እንደ ግድግዳ ሰዓት።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ይኼ ሰማያዊው ነው" አሉ። "ጥቁሩን አምጪልኝ።"

"ጥቁሩ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"አልገባም። ሁሉም አልገቡም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ነገርኳቸው። ስለ ትእዛዙ፣ ስለ ቀኑ፣ ሳላይ ገብቷል ስላልኳቸው። ረጅም ነገር አልነበረም፤ በአምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር አለቀ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ዘፈኑ ገና እየሄደ ስለነበር፣ "እሱን አቁሚው" አሉኝ፤ አቆምኩት።

ስልካቸውን አንስተው ፐርዝ ለሚኖረው ልጃቸው ደወሉ። ጣታቸው ስሙን መንካት ስላቃተው ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ በመጨረሻ እኔ ነካሁላቸው።

"ያቤጽ፣ የእኔ የሙዚቃ ዲስኮች አንተ ጋ ኮፒያቸው ይኖር ይሆን? ጥቁሮቹ?"

"ኖ፣ ዳድ። ምንም የለኝም። ዋትስ ሮንግ?"

"ምንም። ዕቃ እያደራጀሁ ነው።"

"ዩቲዩብ ላይ እኮ የድሮ የሰርግ ዘፈን ሞልቷል። ሊንክ ልላክልህ?"

"ላክልኝ፣ የእኔ ልጅ። ደህና ዋል።"

ስልኩን በፊቱ ደፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የቆሻሻ ኩባንያውን መጠየቅ እችላለሁ አልኳቸው። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከፍራሽ ጋር፣ አሉና አልጨረሱትም። እኔም ደግሜ አላነሳሁትም። ይቅርታ ስላቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን ተይኝ ማለታቸው አልገባኝም።

ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። ግን አንድ ነገር ማድረግ እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ልክ የሆነን ኖታ ወደፊትም ወደኋላም ትንሽ ትንሽ የሚያዛንፍ ቁልፍ አለ፤ ማሽን የተጫወተው ነገር ሰው የተጫወተው እንዲመስል ነው። ይህን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

"እስቲ" አሉ።

ጭብጨባውን መርጬ ነካሁት። ኖታዎቹ ከመስመራቸው ወጣ ወጣ አሉ። አጫወትኩት። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። እውነትም ሰው ይመስል ነበር። ግማሹ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ይህችኛዋ አንዳንዴ ትቀድማለች" አሉ። "በለጥሻቸው ቀድማ አታውቅም። የመጀመሪያው የማንም አይደለም፤ ይኼ ግን የሌላ ሰው ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ሴት ቤቴ አታስገቢብኝ።"

ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ወዲያው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

"አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ይቻላል? እንደ ጥልፉ?"

"ይቻላል።"

"እንግዲያው ሁሉንም ወደ መስመራቸው መልሺልኝና እኔ ልንገርሽ። የመጀመሪያዋ ልክ ናት። ሁለተኛዋ ትዘገያለች።"

ሁለተኛዋን በማውዝ ወደ ቀኝ ገፋኋት።

"በዛ። ትንሽ መልሺ። አሁን አነሰ። እዚያ ላይ። አዎ። ሦስተኛዋም ትዘገያለች፣ ግን እንደ ሁለተኛዋ አይደለም። እንደምትመጣ እርግጠኛ የሆነ ሰው እንደሚዘገየው ነው። አራተኛዋ ላይ ጠንከር አድርጋ ትመታለች።"

አጫወትኩት። "ቀረብ ብሏል" አሉ። ጉንጫቸው ቀልቷል። ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉት። አንድ ስንኝ ጨርሰን ወደ ሁለተኛው ሄድን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እገፋለሁ፣ እንሰማለን። መልሺ ይሉኛል፣ እመልሳለሁ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሕንፃ ላይ ሠራተኞች የተለቀቁትን ቤቶች መስኮት በጣውላ እየመቱ ያሽጉ ነበር። ምስማሩ ሲመታ ጋሼ ይቆሙና ጸጥ እስኪል ይጠብቃሉ።

አንድ ሰዓት ያህል ከሠራን በኋላ ከመጀመሪያው አጫውቺልኝ አሉኝ። አጫወትኩላቸው።

"ሁለተኛዋ ትንሽ ገፋ ትበል።"

ገፋኋት።

"አይ፣ ቅድም ነበረች ልክ።"

መለስኳት።

"ቅድም እዚህ ነበረች?"

"አዎ፣ እዚህ ነበረች።"

"እስቲ እንደገና።"

እንደገና አጫወትኩ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላም አልገለጡም። ግንባራቸው እንደ መቋጠር አለ፤ በመንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ስም ለማስታወስ የሚታገሉ ይመስሉ ነበር።

"ጋሼ?"

"ቆይ።"

ቆየሁ።

"ጠዋት፣ አንቺ ሳትመጪ፣ ጺሜን ስላጭ ይሰማኝ ነበር" አሉ። "እዚህ" አሉና ጆሯቸውን ነኩ። "ቁጥር አንድን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እሷን ከነስድቧ። አሁን የምሰማው አንቺ ያስቀመጥሽውን ነው።"

"ላጥፋው?" አልኩ።

"ብታጠፊው ያው ነው። ሰማሁት አይደል።"

ላፕቶፑን ከደንኩት። ማጉያውን ነቀልኩ፣ ገመዱን ጠቀለልኩ። እጄ የሚሠራው ነገር ስላገኘ ቀስ ብዬ ጠቀለልኩት። ጋሼ ከወንበራቸው አልተነሱም። ያልጠጣሁትን ሻይ አይተው፣ "ቀዝቅዞብሻል" አሉኝ። ከዚያ እኔ እዚያ መኖሬን የረሱ ይመስል ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና መንቀጥቀጡ እስኪቀንስ በግራው ያዙት። በአንድ ጣታቸው ጠረጴዛውን መቱ። ጠበቁ።

ሁለተኛውን አልመቱትም።